የውቅያኖስ ስውር ማሳ፦ የፕሮፌሰር ሳሊ ቺዝም የምርምር ጉዞ

ብርሃን አስተጻምሮ (ፎቶሲንተሲስ) ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ደን፣ ወደ ጤፍ ማሳ ወይም በግቢያችን ወደሚገኙት ዛፎች ነው። ይሁን እንጂ በምድራችን ላይ በየዓመቱ ከሚካሄደው የብርሃን አስተጻምሮ ግማሽ ያህሉ የሚከናወነው በውቅያኖስ ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩትም ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌላቸው፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችና ሳይኖባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በቁጥር የሚስተካከለው የሌለ፣ ነገር ግን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ፍጡር አለ። ስሙ ፕሮክሎሮኮከስ ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ የፕሮክሎሮኮከስን ታሪክ፣ የሥራ ዘመናቸውን በአብዛኛው ለእርሱ ጥናት ከሰጡት ከአሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከፕሮፌሰር ሳሊ ቺዝም የምርምር ጉዞ ጋር አያይዘን እናቀርባለን። «የፊዚክስ መምህራን ስለ ባሕር ደቂቅ ፍጥረታት ምን አገባችሁ?» የሚለን አንባቢ ቢኖር መልሱን ከታሪኩ ያገኘዋል፤ ፍጡሩ መጀመሪያ የተለየው በሌዘር ጨረር ነውና። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አልጌና ሳይኖባክቴሪያ

ሁለቱ ስሞች ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ይነገራሉ። አልጌዎች እንደ ዕፅዋትና እንደ እንስሳት ሁሉ ሕዋሳቸው ኒውክለስ ያለው ሲሆን፣ ብርሃን የሚሰበስቡትም ክሎሮፕላስት በሚባል የሕዋስ ክፍል ነው። ሳይኖባክቴሪያዎች ግን ባክቴሪያ ናቸው፤ ኒውክለስም ሆነ ክሎሮፕላስት የላቸውም። ቀድሞ «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» ይባሉ የነበረው በአኗኗራቸው አልጌን ስለሚመስሉ ነበር። ዝምድናው ግን ከመመሳሰል ያለፈ ነው። የዛሬዎቹ ዕፅዋት ክሎሮፕላስት፣ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በሌላ ሕዋስ ተውጦ በውስጡ መኖር የጀመረ የሳይኖባክቴሪያ ዝርያ መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በከባቢ አየር ኦክስጅን መጠራቀም የጀመረውም በእነዚሁ ፍጥረታት ሥራ ነው።

ሳይኖባክቴሪያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከውኃው መልክ ሲሆን፣ መልኩን የሰጠው ስፒሩሊና በመባል የሚታወቀው ሳይኖባክቴሪያ ነው። በሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለው የጭቱ ሐይቅም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያሉ ሶዳማ ሐይቆቻችን በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ብርሃን አስተጻምሮ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ጣሪያ ለማጥናት አገልግለዋል፤ በ1973 በታሊንግና በባልደረቦቹ የታተመው ጥናት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል።

በአረንጓዴ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ውኃው ሕይወት የሞላበት መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከባሕር ዳርቻ ርቆ የሚገኘው የውቅያኖስ ውኃ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። የውቅያኖስ ተመራማሪዎችም ንጥረ ምግብ ያጠረውን ይህን ሰፊ ክልል ከበረሃ ጋር ሲያመሳስሉት ኖረዋል። የፕሮፌሰር ቺዝም ሥራ ይህን አመለካከት ከመሠረቱ ከለወጡት አንዱ ነው።

ከዩግሊና ወደ ውቅያኖስ

ሳሊ ቺዝም በ1947 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በታላቁ የሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ማርኬት ከተማ ተወለዱ። ባልደረቦቻቸው የሚጠሯቸው «ፔኒ» በሚለው ስም ነው። በ1969 ከስኪድሞር ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1974 ደግሞ በአልባኒ ከሚገኘው የኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

የመጀመሪያ ጥናታቸው በተማሪዎች ዘንድ በሚታወቀው በዩግሊና ላይ ነበር። የጠየቁትም ጥያቄ ቀላል መስሎ የሚታይ ነው፤ ብርሃንና ጨለማ ሲፈራረቁ አንድ ሕዋስ ንጥረ ምግብ የሚወስደው መቼና በምን ፍጥነት ነው? ከዚያም በካሊፎርኒያው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ይህንኑ ጥያቄ ዲያቶም ወደሚባሉት የባሕር አልጌዎች ወሰዱት። በ1976 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤምአይቲ) መምህርት ሆነው ሲቀጠሩ የተመደቡት በሲቪል ምህንድስና ክፍል ነበር። በመሐንዲሶች መካከል የተቀመጠ የሥነ ሕይወት ሰው ብቸኝነት ሊሰማው ይችል ይሆናል፤ ለአዳዲስ የመለኪያ መሣሪያዎች ግን ቅርብ ነው።

ከሆስፒታል ወደ መርከብ

መሣሪያው ፍሎ ሳይቶሜትር ይባላል። በአገራችን ኤች አይ ቪ በደማቸው ለሚገኝ ወገኖች የሲዲ 4 ቁጥር ለዓመታት ሲለካ የኖረው በዚሁ ስልት በሚሠሩ መሣሪያዎች ነው። አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሕዋሳትን የያዘው ፈሳሽ እንደ ክር ቀጭን በሆነ ጅረት እንዲፈስ ይደረጋል። ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ጨረር ፊት ያልፋሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ሲያልፍ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ የተበተነው ብርሃን መጠን ስለ ሕዋሱ ግዝፈት ይናገራል። በሕዋሱ ውስጥ ክሎሮፊል ካለ ደግሞ ከሌዘሩ የወሰደውን ኃይል ከፊሉን መልሶ በቀይ ብርሃን መልክ ይረጨዋል። ይህን ክስተት ፍሎረሰንስ እንለዋለን። ስለዚህ በየሰከንዱ ብዙ ሕዋሳትን እየቆጠርን የእያንዳንዱን ግዝፈትና የክሎሮፊል ይዘት ማወቅ እንችላለን ማለት ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ መሣሪያው ለደም ሕዋሳት እንጂ ለባሕር ውኃ የታሰበ አልነበረም። ሌዘሩ ግዙፍ፣ የመስተዋቶቹ አቀማመጥም እጅግ ትክክለኛ መሆን የሚገባው ስለነበር፣ በማዕበል በሚናወጥ መርከብ ላይ መጠቀም ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። የፕሮፌሰር ቺዝም ቡድን ግን ይህን አደረገ። ሮበርት ኦልሰን፣ ዳንኤል ቮሎና ቺዝም በመርከብ ላይ ያካሄዱትን ልኬት በ1985 አሳተሙ። ዓላማቸው በ1979 የታወቀውን ሲኔኮኮከስ የተባለ ሌላ ሳይኖባክቴሪያ ማጥናት ነበር። ይህ ፍጡር ብርቱካናማ ብርሃን ስለሚረጭ በመሣሪያው ላይ ጎልቶ ይታያል።

የመሣሪያ ጫጫታ ወይስ ሕይወት?

ማናቸውም የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ ምንም ነገር በማይለካበት ጊዜ እንኳ ደካማ ምልክት ያሳያል። በፊዚክስ ይህን «ጫጫታ» እንለዋለን። ተማሪዎቻችንንም በቤተ ሙከራ ከምናስተምራቸው ቀዳሚ ነገሮች አንዱ ከጫጫታው በታች ያለውን ምልክት እንዳያምኑ ነው። ኦልሰን በመሣሪያው የመጨረሻ ጠርዝ ላይ፣ ከሲኔኮኮከስም እጅግ ያነሱና ፈዛዛ ቀይ ብርሃን የሚረጩ ነጥቦችን ሲያዩ መጀመሪያ የገመቱት ይህንኑ ጫጫታ ነበር።

ግምቱን ያፈረሰው የነጥቦቹ ጠባይ ነው። ውኃው ከጥልቅ ቦታ በተቀዳ መጠን የቀዩ ብርሃን ጉልበት በሥርዓት ይጨምር ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ጫጫታ ግን ውኃው ከ10 ሜትር ይቀዳ ከ100 ሜትር የሚያውቀው ነገር የለም። ከጥልቀት ጋር የሚለዋወጥ ምልክት ከውኃው የመጣ መሆን አለበት። ብርሃን በደከመበት ጥልቀት የሚኖር ሕዋስ ብዙ ክሎሮፊል ይይዛል ተብሎ ስለሚጠበቅም፣ የለውጡ አቅጣጫ ሕይወት ካለው ነገር የሚጠበቀው ዓይነት ነበር።

ሌሎች ፍንጮችም ተበታትነው ተቀምጠው ነበር። በ1979 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱ ምስሎች ላይ ማንነታቸው ያልተለየ ጥቃቅን ሕዋሳት ታይተዋል። በ1983 ደግሞ ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ከሰሜን አትላንቲክ በቀዱት ውኃ ውስጥ ቀድሞ ያልታወቀ የክሎሮፊል ዓይነት አግኝተዋል። የፕሮፌሰር ቺዝም ቡድን የብርሃኑን ምልክት፣ የሕዋሱን ምስልና እንግዳውን ክሎሮፊል አንድ ላይ አገናኝቶ በ1988 ግኝቱን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት በሳርጋሶ ባሕር ከ120 ሜትር ጥልቀት ከተቀዳ ውኃ ፍጡሩን በቤተ ሙከራ ማርባት ተቻለ። ፕሮክሎሮኮከስ ማሪነስ የሚለው ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው በ1992 ነው።

የማነስ ፊዚክስ

የፕሮክሎሮኮከስ ዲያሜትር 0.6 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ከ1,600 በላይ የሚሆኑትን መደርደር ይቻላል ማለት ነው። ይህን ያህል ማነስ ለምን አስፈለገ?

ሕዋሱን እንደ ሉል ብንቆጥረው፣ የገጽታው ስፋት ለይዘቱ ሲካፈል ውጤቱ 6 ለዲያሜትሩ የተካፈለ ይሆናል። ለፕሮክሎሮኮከስ ይህ በማይክሮሜትር 10 ነው። ዲያሜትሩ 60 ማይክሮሜትር ለሆነ ትልቅ አልጌ ግን 0.1 ብቻ ነው፤ በመቶ እጥፍ ያንሳል። ንጥረ ምግብ ወደ ሕዋሱ የሚገባው በገጽታው በኩል ሲሆን የሚያስፈልገው ደግሞ ለይዘቱ ነው። በመሆኑም ፎስፈረስ፣ ናይትሮጅንና ብረት እጅግ በሳሱበት ውኃ ውስጥ ትንሽ ሆኖ መገኘት ትልቅ ብልጫ ነው። ትልቁ ሲራብ ትንሹ ይጠግባል።

ሁለተኛው ብልሃት ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ ቀይ ብርሃንን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ብርሃን ነው። የፕሮክሎሮኮከስ ክሎሮፊል ከተራው ክሎሮፊል በኬሚካላዊ አሠራሩ በጥቂቱ ስለሚለይ፣ በሰማያዊው ክልል አጥብቆ የሚወስደው ብርሃን ከ8 እስከ 10 ናኖሜትር ያህል ወደ ረዥሙ የሞገድ ርዝመት ይሸሻል። ይህች ትንሽ ፈቀቅታ ክሎሮፊሉን በጥልቁ ውኃ ውስጥ ከሚገኘው ብርሃን ጋር ይበልጥ ታጣጥመዋለች። ፍጡሩ እስከ 200 ሜትር ጥልቀት ድረስ መኖር የቻለውም ለዚህ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው የእያንዳንዱ ማነስ በብዛት ይካሳል። ምቹ በሆነ ውኃ ውስጥ በአንድ ሚሊሊትር ከ100 ሺህ በላይ ሕዋሳት ይገኛሉ። በ2013 የታተመ ስሌት በዓለም ላይ ያሉትን በጠቅላላ ወደ 3 ሲባዛ በ10 ኃይል 27 ያደርሳቸዋል፤ በውቅያኖስ ውስጥ ከሚካሄደው የተጣራ ምርትም 8.5 በመቶ ያህሉን ይሰጣቸዋል። መኖሪያቸው በአጠቃላይ ከምድር ወገብ በሰሜንና በደቡብ እስከ 40 ዲግሪ ኬክሮስ ድረስ የተዘረጋ ሲሆን ቀይ ባሕርንም ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ይገባል። «ከአምስት ትንፋሻችን አንዱ የፕሮክሎሮኮከስ ስጦታ ነው» ሲባል ይሰማል። ፍጡሩ ብዙ ኦክስጅን እንደሚያመርት እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ይህ ኦክስጅን ከሞላ ጎደል በሙሉ እዚያው ባሕር ውስጥ ባሉ ሌሎች ፍጥረታት ይዋጣል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተጠራቀመ ነው። የፕሮክሎሮኮከስ ታላቅነት በየዕለቱ የባሕሩን የምግብ ሰንሰለት ከሥሩ በመመገቡ ላይ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ጎሳ

ፕሮፌሰር ቺዝም ፍጡሩን ካገኙ በኋላ ወደ ሌላ ርዕስ አልተሻገሩም። ይልቁንም አንዱን ፍጡር ከጂን እስከ ውቅያኖስ ባለው እርከን ሁሉ ለመመርመር ወሰኑ። በ1998 ከተማሪዎቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት በአንድ ሥፍራ በተቀዳ ውኃ ውስጥ ብርሃን የሚወዱና ጥላ የሚመርጡ ልዩ ልዩ ወገኖች አብረው እንደሚኖሩ አሳዩ። በ2003 ደግሞ የሁለቱ ወገኖች ጂኖም ተነበበ። ብርሃን ወዳዱ ወደ 1,700 የሚጠጉ ጂኖች ብቻ ሲኖሩት፣ ጥላ መራጩ ከ2,200 በላይ አሉት። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች 20 ሺህ ያህል መሆናቸውን ስናስብ፣ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውኃ፣ ከካርቦንዳይኦክሳይድና ከጥቂት ጨዎች ሙሉ ሕይወት ለመሥራት የሚያስፈልገው መመሪያ ምን ያህል አጭር ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ሁሉም አባላት የሚጋሩት ጂን ከ1,000 ብዙም አያልፍም፤ የቀረው ከወገን ወደ ወገን ይለያያል። የመላው ቤተሰብ የጂን ክምችት ከ80 ሺህ በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። በ2014 የታተመ የዚሁ ቤተ ሙከራ ጥናት በአንድ ሥፍራ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንዑሳን ጎሳዎች አብረው እንደሚኖሩ አመለከተ። ሙቀት ሲለወጥ ወይም ንጥረ ምግብ ሲያጥር አንዱ ጎሳ ሲደክም ሌላው ይበረታል። በአንድ የገብስ ማሳ ላይ የተለያየ ዝርያ አቀላቅሎ የሚዘራ ገበሬ ይህን ጥበብ ያውቀዋል።

ቫይረሶችም የታሪኩ ክፍል ሆኑ። የፕሮክሎሮኮከስን ሕዋስ የሚያጠቁ አንዳንድ ቫይረሶች የብርሃን አስተጻምሮ ጂን ተሸክመው እንደሚዞሩ ታወቀ። በ2005 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ጂኑ በተጠቃው ሕዋስ ውስጥ ሥራ ላይ ይውላል። ቫይረሱ እስኪባዛ ድረስ የያዘው ሕዋስ ብርሃን መሰብሰቡን እንዳያቋርጥ ያደርጋል ማለት ነው።

የብረቱ ክርክር

በ1988 ጆን ማርቲን የተባሉ የውቅያኖስ ኬሚስት፣ ግማሽ መርከብ ብረት ቢሰጣቸው የበረዶ ዘመን ሊያመጡ እንደሚችሉ በቀልድ መልክ ተናግረው ነበር። ከቀልዱ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በአንዳንድ የውቅያኖስ ክልሎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሞልተው ሳለ አልጌዎች የማይበዙት ብረት ስለሚያጥር ነው። ብረት ቢጨመር አልጌዎቹ ይበዛሉ፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወስዳሉ፣ ሲሞቱም ካርቦኑን ይዘው ወደ ጥልቁ ይሰምጣሉ። በ1993 እና በ1995 በፓስፊክ ውቅያኖስ የተካሄዱት ሙከራዎች የሐሳቡን የመጀመሪያ ክፍል አረጋገጡ፤ በተለይ በሁለተኛው ውኃው በቀናት ውስጥ አረንጓዴ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ይህን ለንግድ ሊያውሉ ያሰቡ ወገኖች ተነሱ። ውቅያኖስን በብረት «ማዳበር»፣ ተወገደ የሚባለውንም ካርቦን በገንዘብ መሸጥ ነበር ዕቅዱ። በ2001 ፕሮፌሰር ቺዝም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ከሚበዛው አልጌ አብዛኛው ከላይ ባለው ውኃ ውስጥ እንደሚበላ፣ ወደ ጥልቁ የሚሰምጠውም ሲበሰብስ ኦክስጅን እንደሚያሟጥጥና እንደ ናይትረስ ኦክሳይድ ያሉ ሌሎች ሙቀት አማቂ ጋዞች ሊፈጠሩ እንደሚችሉ አስረዱ። ከሁሉም በላይ የባሕሩን ማኅበረ ሕይወት ሆን ብሎ መለወጥ መዘዙ ቀድሞ ሊታወቅ የማይችል መሆኑን አሳሰቡ። የተቃወሙት ለምርምር የሚደረገውን ሙከራ ሳይሆን ንግዱን ነበር። በ2008 የለንደን ስምምነት አባል አገሮች ከሕጋዊ ሳይንሳዊ ምርምር ውጭ ውቅያኖስን ማዳበር እንዳይፈቀድ ውሳኔ አሳለፉ። ውቅያኖስን ካርቦን እንዲስብ የማድረግ ጥያቄ ግን የአየር ንብረት ለውጥ እየበረታ በሄደ ቁጥር ተመልሶ መነሳቱ አልቀረም።

ከቤተ ሙከራ ውጭ

የፕሮፌሰሯ ሕይወት በባሕር ውኃ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1994 በኤምአይቲ የሳይንስ ትምህርት ቤት የነበሩ 16 ሴት መምህራን በቤተ ሙከራ ስፋት፣ በደመወዝና በኃላፊነት ምደባ የሚታየው ልዩነት እንዲመረመር ለዲኑ በጋራ ሲጠይቁ አንዷ እርሳቸው ነበሩ። በ1999 የወጣው ዘገባ አድልዎ መኖሩን አመነ፤ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም መነሻ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው መምህራኑ አቤቱታቸውን በመረጃ አስደግፈው ማቅረባቸውን ነው።

ከሠዓሊዋ ሞሊ ባንግ ጋር በመተባበርም የፀሐይ ብርሃን ወደ ሕይወት እንዴት እንደሚለወጥ ለሕፃናት የሚያስረዱ ተከታታይ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ የመጀመሪያው የወጣው በ2009 ነው። በ2013 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ ከፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ ተቀበሉ፤ በ2019 ደግሞ የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ የክራፎርድን ሽልማት ሰጣቸው።

ያልተዘጋ ጥያቄ

ፕሮክሎሮኮከስ ሙቅ ባሕርን ስለሚወድ፣ ምድር ስትሞቅ ግዛቱ ይሰፋል ተብሎ ሲታሰብ ቆይቷል። በ2025 የታተመ ጥናት ግን ይህን ተስፋ ጥያቄ ውስጥ አስገብቶታል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት በመርከቦች ላይ በተከሉት ፍሎ ሳይቶሜትር የሰበሰቡት ልኬት እንዳመለከተው፣ የውኃው ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ ፍጡሩ የሚከፋፈልበት ፍጥነት በግልጽ ይቀንሳል። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው ውኃ ወደዚህ መጠን እየተጠጋ ነው። ከላይ ያነሳናቸው ብዙ ጎሳዎች መካከል ሙቀቱን የሚችል ወገን ይኖር ይሆን? ቢኖርስ ለመስፋፋት ጊዜ ያገኛል? ይህን ገና የሚያጠና ትውልድ ይፈልጋል።

በአገራችንም በተመሳሳይ መሣሪያና በተመሳሳይ ትዕግሥት ሊመረመሩ የሚገባቸው ውኃዎች አሉ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚኖሩት ሳይኖባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ለምግብ የሚውሉ፣ አንዳንዶቹ ለሰውና ለከብት መርዛማ ናቸው። ባሕርይዋን ቀርቦ ለማወቅ የሥነ ሕይወት ተማሪ ብርሃንንና ኤሌክትሮኒክስን፣ የፊዚክስ ተማሪም ሕዋስንና ጂንን ከመማር እንዳይቦዝኑ እንመክራለን። በቤተ ሙከራ ልኬታችሁ ጠርዝ ላይ ደካማ ነጥቦች በታዩ ጊዜም ከመሰረዛችሁ በፊት ናሙናውን ለውጣችሁ፣ ነጥቦቹ አብረው ይለወጡ እንደሆነ እንድትፈትሹ አደራ እንላለን።